ከትራሙ ማብቂያ እስከ ላርጎ፦ በዋሽንግተን ዙሪያ መዝናኛ ፓርኮች ለምን አይቆዩም?

ኖቬምበር 2 ቀን 2025፣ እሑድ ዕለት፣ ከዋሽንግተን ዲሲ በስተ ምሥራቅ በሜሪላንድ ግዛት ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ፣ ላርጎ አካባቢ የሚገኘው ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ የተባለው መዝናኛ ፓርክ ለመጨረሻ ጊዜ እንግዳ ተቀበለ። በዚያው ግቢ ውስጥ ያለው ሃሪኬን ሃርበር የውሃ ፓርክም ከዚያ በፊት ሰመሩ ሲያልቅ ገንዳውን ዘግቶ ነበር። ሁለቱ ያረፉበት 500 ኤከር ገደማ፣ ማለትም ወደ 200 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ለመልሶ ልማት እንዲሸጥ ለገበያ ቀረበ። በዲሲ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ልጆች ያሳደግን ብዙ ኢትዮጵያውያን ለዚህ ፓርክ እንግዳ አይደለንም። ትምህርት ቤት በተዘጋ በሁለተኛው ሳምንት ልጆቹ «ሲክስ ፍላግስ መቼ ነው የምንሄደው?» ማለት ይጀምሩ ነበር፤ ወላጅም ከሥራ ፈረቃው ጋር እየተከራከረ አንድ ቅዳሜ ይመርጥ ነበር።

ፓርኩ ሲዘጋ በየቦታው የተሰማው ማብራሪያ አጭር ነበር፤ ኩባንያው ቦታው ከረጅም ጊዜ ዕቅዱ ጋር እንደማይሄድ ተናገረ፣ ነገሩም በዚያው አለቀ። ይሁንና የአካባቢው የመቶ ሠላሳ ዓመት ታሪክ ሲታይ የላርጎው መዘጋት ብቻውን የቆመ ክስተት አይደለም። በዋሽንግተን ዙሪያ የተከፈቱ መዝናኛ ፓርኮች በአብዛኛው የሞቱት ሰው ጨዋታ ስለሰለቸው አልነበረም። ወደ እነሱ የሚወስደው መንገድ ሲለወጥ፣ ማን ይግባ ማን አይግባ በሚለው ጥያቄ ሲታመሱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የረገጡት መሬት ከጨዋታው የበለጠ ሲያወጣ ነው የተዘጉት። ቀጥሎ የሚነሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከትራም ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአሜሪካ ከተሞች የኤሌክትሪክ ትራም ሲዘረጉ ኩባንያዎቹ አንድ የማያስተኛ ችግር ገጠማቸው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሠራተኛ የሚያመላልሰው ትራም ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ባዶውን ይሄዳል። ሐዲዱ፣ የኃይል ማመንጫውና ፉርጎው ግን ሰው ኖረም አልኖረም ወጪያቸው ያው ነው። መፍትሔው በመስመሩ ጫፍ ላይ ሰው ሊሄድበት የሚፈልገው ነገር ማቆም ነበር። መጀመሪያ ዛፍና የሽርሽር ሜዳ፣ ቀጥሎ የዳንስ አዳራሽ፣ ከዚያም ካሩሰል (የእንጨት ፈረሶች የሚዞሩበት መጫወቻ) እና ሮለር ኮስተር (በሐዲድ ላይ ሽቅብና ቁልቁል የሚከንፍ መጫወቻ) መጡ። ፓርኩ ራሱ ባያተርፍም አምስት ሳንቲም ከፍሎ የሚሳፈረው ሕዝብ ትርፉን ያመጣዋል። በእንግሊዝኛ «የትራም ፓርክ» የሚለው ስም የወጣውም ከዚህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ፓርኮች፣ በሌላ አነጋገር፣ የትራንስፖርት ንግድ ጭራ ነበሩ፤ ጭራ ደግሞ ጭንቅላቱ ወደሄደበት ይሄዳል።

ከዲሲ በስተ ሰሜን ምዕራብ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ያለው ግሌን ኤኮ የዚህ ዓይነቱ ፓርክ ዋነኛ ምሳሌ ነው፤ አነሣሡ ግን ከጨዋታ ጋር የሚገናኝ አልነበረም። ኤድዊንና ኤድዋርድ ባልትዝሊ የተባሉ ወንድማማቾች በ1891 ቦታውን የከፈቱት ሻቶኳ ለሚባለው፣ በዚያ ዘመን ለተስፋፋው የሕዝብ ትምህርት እንቅስቃሴ ነበር። ትምህርት፣ ሙዚቃና ስብከት በአንድነት የሚሰጥበት፣ በዙሪያውም ቤት የሚሸጥበት ሥፍራ እንዲሆን አስበው ነበር። አንድ የሰመር ወቅት ብቻ በደንብ ሠራ። ከዚያ አካባቢው ወባ አለበት የሚል ወሬ ተነዛ፣ መሬት ገዢም ጠፋ። ቦታው ወደ መዝናኛነት ተለወጠ፤ በ1911 ደግሞ የትራም ኩባንያው ራሱ ገዛው። ለዕውቀት የተዘረጋ ሜዳ በሃያ ዓመት ውስጥ የትራም ቲኬት መሸጫ ሆነ ማለት ነው፤ በእኔ ግምት ግን ለተራው ሕዝብ የጠቀመው ሁለተኛው ሕይወቱ ነው።

ግንባታው በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ መጀመሪያ ተፋፋመ። በ1921 ፊላደልፊያ የሚገኘው የዴንትዝል ኩባንያ የሠራው ካሩሰል ቆመ፤ በዚያው ዓመት የእንጨት ሮለር ኮስተርም ተጨመረ። በ1923 የሚጋጩት ትንንሽ መኪናዎች አዳራሽ፣ በ1931 ክሪስታል ፑል የተባለው መዋኛ፣ በ1933 ደግሞ የስፓኒሽ ዳንስ አዳራሹ ተሠሩ። ክሪስታል ፑል ዛሬ «የውሃ ፓርክ» የምንለው ነገር አባት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። 3,000 ሰው በአንድ ጊዜ ያስተናግድ ነበር፤ መዝለያው፣ ለልጆች የሚሆነው ጥልቀት የሌለው ክፍልና ባሕር ዳር ያለህ እንዲመስልህ የተደለደለው አሸዋ ሁሉ በአንድ ግቢ ውስጥ ነበር። አየር ማቀዝቀዣ በየቤቱ ባልነበረበት ዘመን የዋሽንግተን የጁላይ ሙቀት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ፣ ሰው ለምን በትራም ተንጠላጥሎ ወደዚያ ይጎርፍ እንደነበር ይገባዋል።

ሰው ስል ግን ነጭ ማለቴ ነው፤ ጥቁር ከበሩ አያልፍም ነበር።

ለዚህ የተሰጠው የመጀመሪያ መልስ የራስን መሥራት ነበር። በ1921፣ የግሌን ኤኮ ካሩሰል በቆመበት ዓመት፣ በዲሲ ሰሜን ምሥራቅ ዲንዉድ በተባለው ሰፈር ሰበርባን ጋርደንስ ተከፈተ። የቆመው ዩኒቨርሳል ዴቨሎፕመንት ኤንድ ሎን በተባለ የጥቁሮች ኩባንያ ሲሆን፣ ከመሥራቾቹ አንዱ መሐንዲሱ ሃዋርድ ዉድሰን ነው። ሰባት ኤከር ገደማ በሚሆን መሬት ላይ ሮለር ኮስተር፣ መዋኛ፣ የዳንስ ቦታና የሽርሽር ሜዳ ነበረው። ነጮች ብቻ የሚገቡባቸው ታላላቆቹ ፓርኮች ከከተማዋ ወሰን ውጪ ስለነበሩ፣ በዲስትሪክቱ ወሰን ውስጥ የተሠራው ብቸኛ መዝናኛ ፓርክ ሰበርባን ጋርደንስ ሆኖ ቀርቷል። በ1940 ተዘጋ፤ ቦታውም የአፓርትመንት መንደር ሆነ። ዛሬ በዚያ የሚያልፍ ሰው የመታሰቢያ ሰሌዳውን ካላነበበ በስተቀር ሮለር ኮስተር ከጭንቅላቱ በላይ ይጮህ እንደነበር የሚያውቅበት ምልክት አያገኝም። ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ የሚወርዱ ጥቁር ቤተሰቦች ደግሞ በአናፖሊስ አቅራቢያ የካር ቤተሰብ ሁለት ሴት ልጆች በ1926ና በ1931 የከፈቷቸው ካርስ ቢችና ስፓሮውስ ቢች ነበሯቸው።

ከሁሉም የከረረው ግን የውሃው ጉዳይ ነበር። በአንድ ሮለር ኮስተር ላይ ወንበር ለይቶ መቀመጥ ይቻላል፤ በአንድ ገንዳ ውሃ ውስጥ መለየት አይቻልም። በ1949 በዋሽንግተን የፌዴራሉ የአገር ውስጥ ሚኒስቴር የሚያስተዳድረው የአናኮስቲያ መዋኛ ለሁሉም ክፍት መሆኑ ሲታወቅ በነጭና በጥቁር ወጣቶች መካከል ድብድብ ተነሥቶ ገንዳው ለዚያ ሰመር ተዘጋ። በሚቀጥለው ዓመት ያለ ልዩነት ተከፈተ፣ ከተማዋም አልፈረሰችም። በሜሪላንድ በኩል ያሉት የግል ፓርኮች ግን «ንብረቱ የግል ነው» በሚለው መከራከሪያ ሌላ አሥር ዓመት ቆዩ።

ጁን 30 ቀን 1960 የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደ ግሌን ኤኮ ሄዱ። ነጭ ደጋፊዎቻቸው አስቀድመው የገዙላቸውን ቲኬት ይዘው ካሩሰሉ ላይ ወጥተው በእንጨት እንስሳቱ ላይ ተቀመጡ። ካሩሰሉ አልተነሣም። ከሰልፉ መሪዎች አንዱ የነበረውን ሎረንስ ሄንሪን የፓርኩ ጠባቂ ዘሩን ሲጠይቀው «የሰው ዘር ነኝ» ብሎ የመለሰው ምልልስ በድምፅ ተቀርጾ ዛሬም አለ። አምስት ተማሪዎች ታሰሩ። ከአምስቱ አንዷ ግዌንዶሊን ግሪን ከአርባ ዓመት በኋላ የሜሪላንድ ግዛት ሴናተር ሆናለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰመሩን ሙሉ በበሩ ላይ ሰልፍ ቆመ፤ በአቅራቢያው ባኖክበርን የሚባለው መንደር ነዋሪዎች፣ ብዙዎቹ አይሁዳውያን፣ ከተማሪዎቹ ጋር ተሰለፉ። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ የአሜሪካ ናዚ ፓርቲ አባላት የተቃውሞ ሰልፍ ይዘው ይቆሙ ነበር። ፓርኩ በ1961 ለሁሉም ተከፈተ። የአምስቱ ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ በ1964 ተሰረዘ፤ ምክንያቱም ያሰራቸው ጠባቂ ደመወዙን ከግል ድርጅት ቢያገኝም የካውንቲው የሸሪፍ ምክትልነት ሥልጣን ይዞ ስለነበር፣ አድራጎቱ የመንግሥት አድራጎት ነው ተባለ። ፍርድ ቤቱ አንድ የግል ፓርክ የፈለገውን መከልከል ይችላል ወይስ አይችልም የሚለውን ትልቁን ጥያቄ በዚህ መንገድ ሳይነካው አለፈው፤ እሱን የመለሰው ከጥቂት ቀናት በኋላ የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ነው።

ሰልፉ በተነሣበት ዓመት የተከሰተ፣ ብዙ የማይነሣ ሌላ ነገር አለ። ወደ ግሌን ኤኮ የሚሄደው ትራም የቆመው በጃንዋሪ 1960፣ ማለትም ተማሪዎቹ ካሩሰሉ ላይ ከመውጣታቸው ስድስት ወር ቀድሞ ነው። ፓርኩ ለሁሉም ሲከፈት የፈጠረው ትራም ሞቶ ነበር። ከዚህ በኋላ መኪና የሌለው ሰው በአውቶቡስ ይመጣል፤ የዚህ ዋጋ በ1966 የትንሣኤ ማግስት ሰኞ ታየ። በዚያ ዕለት ከከተማው የመጡ ብዙ ጥቁር ወጣቶች በፓርኩ እያሉ ባለቤቶቹ ከሰዓቱ በፊት ዘጉት፤ ወደ ከተማ የሚመልስ አውቶቡስም አልነበረም። ወጣቶቹ ረጅሙን መንገድ በእግራቸው ሲመለሱ በመንገዱ ላይ ድንጋይ ተወረወረ፣ መስኮት ተሰበረ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1968 ወቅቱ ሲያበቃ ግሌን ኤኮ እንደ መዝናኛ ፓርክ ዳግመኛ አልተከፈተም። አንዳንድ ሰዎች እስካሁን ፓርኩን የዘጋው ጥቁሮች መግባታቸው ነው ይላሉ። ይህ አባባል የትራሙን ሐዲድ ይረሳል፤ በ1964 የተጠናቀቀውን ካፒታል ቤልትዌይ የተባለውን የቀለበት አውራ ጎዳናም ይረሳል። ከአንድ ጠባብ የወንዝ ዳር መንገድ በቀር መግቢያ የሌለው፣ መኪና ማቆሚያው የማይበቃ፣ ለአፓርትመንት አልሚ ግን እጅግ የሚያጓጓ መሬት ነበር።

ያን መሬት ያዳነው የፌዴራል መንግሥት ነው። የፖቶማክ ዳርቻ በፎቅ እንዳይሞላ ሲል ሌላ ንብረት በልዋጭ ሰጥቶ ተረከበውና በ1971 የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ማስተዳደር ጀመረ። ካሩሰሉ ግን እስከዚያ አልጠበቀም፤ መጫወቻዎቹ አንድ በአንድ ሲሸጡ እሱም ገዢ አግኝቶ ነበር። የአካባቢው ሰዎች ተሰብስበው ከቤት ለቤት መዋጮ 80,000 ዶላር አሰባስበው መልሰው ገዙት። ሮለር ኮስተሩ ፈረሰ፣ ገንዳውም ተደፈነ፤ ዛሬ ከክሪስታል ፑል የቀረው ስሙ የተጻፈበት መግቢያ ብቻ ነው። ከገንዳው ጋር ሲነጻጸር ካሩሰሉ ምን የተለየ ነገር ነበረው? ትንሽ ነው፤ በአንድ ክብ ጣሪያ ሥር ይገባል፣ መቶ ጎረቤት አዋጥቶ ሊገዛው ይችላል። ሮለር ኮስተርን ግን መዋጮ አያድነውም።

ይህ የአንድ ቦታ አጋጣሚ ብቻ አለመሆኑን ሌሎች ሁለት ካሩሰሎች ያሳያሉ። በባልቲሞር ዳር የነበረው ግዊን ኦክ ፓርክ ጥቁሮችን ለማስገባት እምቢ ብሎ በጁላይ 1963 የሃይማኖት መሪዎችን ጨምሮ ከ280 በላይ ሰዎች ታስረውበት፣ ኦገስት 28 ቀን፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በዋሽንግተን ታላቁን ንግግር ባደረጉበት ዕለት ለሁሉም ተከፈተ። በዚያ ቀን አንዲት ዓመት ያልሞላት ጥቁር ሕፃን በአባቷ እቅፍ ካሩሰሉ ላይ ዞረች። ፓርኩን በ1972 አግነስ የተባለው አውሎ ነፋስ ያመጣው ጎርፍ ጨረሰው፤ ካሩሰሉ ግን በ1981 ዋሽንግተን ናሽናል ሞል ላይ፣ በስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች መካከል ተተከለ። ለጥገና እስከተነሣበት እስከ 2023 ድረስ የስንቱን ሐበሻ ልጅ እንዳዞረ፣ ቤተሰብ ከኢትዮጵያ ሊጠይቀው የመጣ ሁሉ ይመሰክራል። ሁለተኛው በማሳቹሴትስ ኸል በተባለች የባሕር ዳር ከተማ ያለው የፓራጎን ፓርክ ካሩሰል ነው፤ እሱን ያነሣሁት ለላርጎው ታሪክ ስለሚያስፈልገን ነው።

ቤልትዌይ ከተከፈተ በኋላ የመዝናኛ ፓርክ አድራሻ የትራም ማብቂያ መሆኑ ቀርቶ የአውራ ጎዳና መውጫ ሆነ። ከዲሲ በስተ ደቡብ በአይ 95 ጎዳና ሁለት ሰዓት ያህል የሚወስደው ኪንግስ ዶሚኒየን በ1975 ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት በዊሊያምስበርግ ቡሽ ጋርደንስ ተከተለ። ከእነሱ አንድ ዓመት ቀድሞ በ1974 በላርጎ ሰዎች በመኪናቸው ሆነው የዱር አራዊት የሚያዩበት ግቢ ተሠርቶ ነበር፤ ባለቤቱ ኤቢሲ የተባለው የቴሌቪዥን ኩባንያ ነበር። በ1978 ተዘጋ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዋይልድ ወርልድ በሚል ስም ሲነሣ ዋናው ነገር አንበሳና ቀጭኔ ሳይሆን ውሃ ሆነ። ግዙፍ የሞገድ ገንዳና ሸርተቴዎች ግቢውን ከሞት አስነሡት።

የሞገድ ገንዳ ውስጥ ገብቶ የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ አሠራሩ እንዲህ ነው። በገንዳው ጥልቅ ጫፍ ከግድግዳው ኋላ የተዘጉ ክፍሎች አሉ፤ ትልልቅ አየር መንፊያዎች ወደ ክፍሎቹ አየር እያስገቡና እያስወጡ ውሃውን ይገፉታል፣ ክፍሎቹ በተራ ሲተነፍሱ ሞገድ ይሠራል። ወለሉ እንደ ባሕር ዳር ቀስ በቀስ ስለሚያዘነብል ሞገዱ ዳር ሲደርስ ይሰበራል። መሣሪያው ያለማቋረጥ አይሠራም። ደወል ይጮኻል፣ ገንዳው ዳር የተቀመጠው ሁሉ ብድግ ይላል፣ ልጅ እናቱን ጥሎ ይሮጣል፤ ጥቂት ደቂቃ ውሃው ይናወጥና እንደገና እንደ ኩሬ ይረጋል። በላርጎ በእረፍቱ መካከል የኛ ሰዎች ወደ መኪና ማቆሚያው ይወጡ ነበር። ምግብ ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ፣ የመኪናውን የኋላ ክዳን ከፍተው ከማቀዝቀዣ ሣጥን ፍርፍርና ዳቦ እያወጡ እዚያው ቆመው ያጎርሱ ነበር፤ ፀጉራቸው ከእርጥበቱ ያልደረቀ ልጆች በአንድ እግራቸው እየዘለሉ ይውጡ ነበር፣ የገጠመው ሁሉ «እንብላ» ይባል ነበር። ከሮለር ኮስተሩ ይልቅ ይህ ነው የእኔ ላርጎ።

ሮለር ኮስተሩ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ዋይልድ ዋን የተባለው የእንጨት ኮስተር በላርጎ የቆመው በ1986 ይሁን እንጂ የተሠራው በ1917፣ በዚያ በማሳቹሴትሱ ፓራጎን ፓርክ ነው። 98 ጫማ፣ ማለትም 30 ሜትር ከፍታ ነበረው። ፓራጎን በ1984 ተዘግቶ የባሕር ዳር መሬቱ ለመኖሪያ ሕንፃ ሲሸጥ ኮስተሩ ለዋይልድ ወርልድ ተሸጠ፤ ተነቅሎ መጥቶ በሜሪላንድ ቀይ አፈር ላይ ዳግም ቆመ። የፓራጎን ካሩሰል ግን እዚያው በኸል ቀረ፣ ዛሬም ለትርፍ ያልተቋቋመ ማኅበር ይዞት ይዞራል። ስለዚህ ዋይልድ ዋን ኖቬምበር 2025 ላይ የገጠመው አዲስ ነገር አይደለም፤ የእግሩ መሬት ሲሸጥበት ሁለተኛው ነው።

የባለቤትነቱ ሰንሰለት ከዚህ በኋላ ይፈጥናል። በ1992 የኦክላሆማ ኩባንያ ገዛው፤ ስሙ አድቬንቸር ወርልድ ሆነ። ኩባንያው ፕሪሚየር ፓርክስ ተብሎ አድጎ በ1998 ራሱን ሲክስ ፍላግስን ገዛ፣ የገዛውን ስም ለራሱ ወሰደ፤ ላርጎም በ1999 ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ ተባለ። በ2000 ሱፐርማን የተባለው 200 ጫማ ገደማ ከፍታ ያለው የብረት ኮስተር ተጨመረ፣ የውሃው ክፍልም በ2005 ሃሪኬን ሃርበር ተሰኘ። ከዚያ ወዲህ ትልልቅ መጫወቻዎች ወደ ሌሎቹ የኩባንያው ፓርኮች ሲሄዱ ላርጎ በአብዛኛው ቀለም እየተቀባ ቆየ። ሲክስ ፍላግስ በ2009 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፤ ጁላይ 1 ቀን 2024 ደግሞ ከተፎካካሪው ሴዳር ፌር ጋር ተዋሐደ። ውሕዱ ኩባንያ 27 መዝናኛ ፓርኮችና 15 የውሃ ፓርኮች፣ ከነሱም ጋር ወደ 5 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዕዳ ይዞ ተነሣ።

እዚህ ላይ ነው የላርጎ ዕጣ የተቆረጠው ብዬ አምናለሁ። ኪንግስ ዶሚኒየን የሴዳር ፌር ነበር። እስከ 2024 ድረስ ሁለቱ ፓርኮች የዲሲን ቤተሰብ እየተሻሙ ይኖሩ ነበር፤ ውድድሩ ራሱ ለላርጎ የመኖር ምክንያት ነበር፣ ምክንያቱም ሲክስ ፍላግስ ላርጎን ቢዘጋ ደንበኛውን ለባላንጣው ይሰጣል። በውሕደቱ ማግስት ግን ላርጎን የሚዘጋው ኩባንያና ደንበኛውን የሚረከበው ኩባንያ አንድ ሆነ። ሰው ሁለት ሰዓት ነድቶ ኪንግስ ዶሚኒየን ወዳለበት ወደ ዶስዌል ከሄደ ትርፍ ነው፤ ካልሄደም የመሬቱ ሽያጭ ዕዳ ይቀንሳል። በሜይ 2025 መዘጋቱ ሲነገር በቋሚነት የተቀጠሩት 70 ገደማ ሰዎች ብቻ እንደሆኑ ታወቀ። ቁጥሩ ትንሽ የሚመስለው የዚህ ዓይነት ፓርክ ሥራ በወቅት ሠራተኞች ስለሚከናወን ነው፤ በዚያ ካውንቲ ለብዙ የ16 ዓመት ልጅ የመጀመሪያው የደመወዝ ቼክ የተጻፈው ከዚያ ግቢ ነበር።

ፕሪንስ ጆርጅስ አብላጫው ነዋሪ ጥቁር ከሆኑት የአሜሪካ ካውንቲዎች መካከል በሀብት ከፊተኞቹ የሚቆጠር ነው፤ በቅርብ ዓመታት ግን ትልልቅ ነገሮች ከእጁ ሲወጡበት ቆይቷል። የዋሽንግተን የእግር ኳስ ቡድን፣ የአሜሪካኑን ኳስ ማለቴ ነው፣ ከላንዶቨር ስታዲየሙ ወደ ዲሲ ሊመለስ ተወስኗል፤ ለግሪንቤልት ተመርጦ የነበረው የኤፍቢአይ ዋና መሥሪያ ቤትም በ2025 ሌላ ቦታ ተሰጠው። ፓርኩ ሲታከልበት የካውንቲው ሰው የተሰማው ቅሬታ ከጨዋታ በላይ ነው። በተቃራኒው በዚያው ካውንቲ በፖቶማክ ዳር ናሽናል ሃርበር ላይ 180 ጫማ ከፍታ ያለው ካፒታል ዊል በ2014፣ ኤምጂኤም ካዚኖ ደግሞ በ2016 ተከፍተዋል። ገንዘቡ በአካባቢው የለም ማለት አይቻልም፤ የአዋቂ መዝናኛ መሬቱ የሚያስከፍለውን ያህል ሲከፍል፣ ከሜይ መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ መቶ ቀን ገደማ ብቻ የሚሠራ የልጆች ገንዳ ግን አይከፍልም።

ይህ የመቶ ቀን ሒሳብ የውሃ ፓርኮቹ ዛሬ በማን እጅ እንደቀሩ ያስረዳል። በዲሲ ዙሪያ ያሉትን ብንዘረዝር አብዛኞቹ የሕዝብ ናቸው። አሌክሳንድሪያ ካሜሮን ረን ያለው ግሬት ዌቭስ ኖቫ ፓርክስ በተባለው የሰሜን ቨርጂኒያ የጋራ ፓርኮች ባለሥልጣን የሚተዳደር ነው። ሬስተን ሌክ ፌርፋክስ ያለው ዋተር ማይን የፌርፋክስ ካውንቲ ነው። በ1900 የባቡር ኩባንያ ከዲሲ ወሰን ሐዲድ ዘርግቶ ለመዝናኛነት የከፈታት ቼሳፒክ ቢች የተባለች ከተማ፣ ባቡሩ በ1935፣ መዝናኛ ፓርኳ ደግሞ በ1972 ከቀሩ በኋላ፣ ዛሬ ያላት የውሃ ፓርክ በከተማዋ አስተዳደር የሚመራ ነው። በዲሲ ደግሞ የከተማው መዋኛዎች ለነዋሪ በነጻ ናቸው። የካውንቲ ገንዳ ኪሳራ ቢያሳይ ምክር ቤቱ በጀት ላይ ይከራከርበታል እንጂ መሬቱን ለዕዳ ክፍያ አይሸጠውም። እርግጥ ነው የሕዝብ ገንዳ 200 ጫማ ኮስተር አይሠራም፤ ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጅ ከግሬት ዌቭስ ሸርተቴ ጋር ሱፐርማንን ማነጻጸር ስድብ ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ ኮስተር የፈለገ የሲልቨር ስፕሪንግ ልጅ ወደ ዶስዌል ወይም ወደ ፔንሲልቬኒያው ኸርሺ ፓርክ ረጅም መንገድ የሚነዳለት ወላጅ ያስፈልገዋል፤ ሁለት ሥራ የሚሠራ ወላጅ ያለው ልጅ ደግሞ ይህን ቅዳሜ አያገኝም።

የላርጎ መሬት ምን ይሁን በሚለው ላይ ካውንቲው ሙሉ በሙሉ ተመልካች አይደለም፤ ገዢው ማንም ይሁን የመሬት አጠቃቀም ፈቃድ የሚጠይቀው ከካውንቲው ነው። 500 ኤከር መኖሪያና ሱቅ ሲሆን፣ ከመካከሉ ጥቂት ኤከር ለሕዝብ ገንዳ እንዲለይ ማስገደድ በካውንቲው የፈቃድ ድርድር አቅም ውስጥ ያለ ነገር ነው። ድርድሩ ግን አልሚው ዕቅዱን ይዞ ከመጣ በኋላ ሳይሆን ከዚያ በፊት መጀመር አለበት፤ በግሌን ኤኮ የወንዙ ዳርቻ የተረፈው መንግሥት ከአልሚዎቹ ቀድሞ ስለደረሰ ነው።

ባለፈው ሰመር ልጆቹን ይዤ ግሌን ኤኮ ሄጄ ነበር። ካሩሰሉ ላይ 52 እንስሳት አሉ። 40ው ፈረሶች ሲሆኑ የቀሩት ጥንቸሎች፣ ሰጎኖች፣ ቀጭኔ፣ አጋዘን፣ አንበሳና ነብር ናቸው። ቀለማቸውን ወደ 1921 መልካቸው ለመመለስ ሃያ ዓመት ፈጅቷል። መካከል ላይ ያለው ዉርሊትዘር ኦርጋን ቀዳዳ የተበሳበት የወረቀት ጥቅልል እያነበበ ከበሮውንና ዋሽንቱን በራሱ ይጫወታል። ትንሿ ልጄ አንበሳውን መረጠች፤ ሌላ ልጅ ስለቀደማት ጥንቸሉ ላይ አኩርፋ ተቀመጠች። ከካሩሰሉ ጣሪያ ውጪ የ1960ው ሰልፍ ታሪክ የተጻፈበት ሰሌዳ አለ። ትልቁ ልጄ አንብቦት ሲያበቃ «ታዲያ ገንዳው የታለ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ በባዶው ሣር ላይ የቆመውን ክሪስታል ፑል የሚል መግቢያ አሳየሁት።